ዜሮ ነጥብ ስምንት

ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ሲል፣ አስፋልቱ አቧራ በሚሆንበት፣
በር እበይዳለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ በዚች ቆርቆሮ ቤት።
ዓይኔ ከብዙ እሳት ጋር ተፋጧል፣
ማታ ማታ አሸዋ ይዘራበታል።

ዘንድሮ ደግሞ ፀሐዩ ባሰ፤ ከሸራው ሥር ሾልኮ፣ ከላሜራው ነጥሮ፤
«ጥሩ መነፅር ግዛ» አለኝ ሐኪሙ፣ ሽፋሽፍቴን ገልብጦ መርምሮ።
ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? አልጠየቅኩትም፣ አፍሬ።
«ጥሩ በር ሥራልን» ሲሉኝ፣ እኔስ ለማን ተናግሬ?

ሌሊት ቴሌግራም ላይ አገኘሁት፦
«ኦሪጅናል፣ የጣሊያን፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ።» ደጋግሜ አየሁት።
አንድ ጎረምሳ አድርጎት ይስቃል፤ የጥርሱ ንጣቱ!
ከኋላው የማላውቀው ባሕር፣ የማላውቀው ሀብቱ።
ሰባት ሺ ሁለት መቶ። የአንድ መስኮት ዋጋ፣ ከነመስታወቱ።
«መጨረሻው ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።
«ኦሪጅናል መጨረሻ የለውም ወንድሜ» አለኝ። በቴሌብር ላክሁለት።

ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው ሞተረኛ መጣ፣ አቧራ ለብሶ እስካንገቱ፤
«በረኛው ሰውዬ አንተ ነህ?» እያለ ከርቀቱ።
«ሳጥኑማ ያምራል፤ የሬሳም ሳጥን ያምራል» አለ ገመዳ፣
የማለማምደው ልጅ፣ አፉ የማይመርጥ፣ ዘመድ ይሁን እንግዳ።

እኔ ማጠፊያ አውቃለሁ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣
እንደ በር፣ ጆሮዬ ሥር ይዤ አዳመጥኩት።
አልጮኸም፤ ግን ብሎኗ እንደ ወተት ጥርስ ትነቃነቃለች፤
ክንዱ ላይ ያለውን ስም በጥፍሬ ብፍቀው፣ አንዷ ፊደል ተነሣች።
ይሁን፣ አልኩ። ብሎን ይጠብቃል፤ ፊደልም ዓይን አያድንም።
ዋናው መስታወቱ ነው፤ እንዲህ የጠቆረ አይቼም አላውቅም።
አደረግኩት። ዓለም ቀዘቀዘ፤
የኮዬ ፎቅ፣ የረር ተራራ፣ ሁሉ እንደ ሻይ ደበዘዘ።

ቅዳሜ ገላን፣ አንድ መነፅር ቤት ገባሁ፤
ሲፈን ለምትባል ባለሙያ በኩራት ሰጠሁ።
ሐምራዊ ባትሪ አወጣች፣ ነጭ ካርድ ላይ አበራች፣
መነፅሬን መሃል አስገባች።
ብርሃኑ አለፈ። ማንም እንዳልከለከለው አለፈ፤
ካርዱ ላይ፣ ሐምራዊ ሳንቲም ሆኖ ተለጠፈ።
«ይሄ ከባዶ ዓይን ይብሳል» አለች፤ «ጨለማ መስሎት ብሌንህ በሩን ይከፍታል፤
ሌባው ያኔ ይገባል።»
ከደረት ኪሴ የግራይንደር መነፅሬን አየች፤ ነጩን፣ የተጫጫረውን፣
በመቶ ስድሳ ብር ከመርካቶ የገዛሁትን።
«እስቲ ያን» ብላ ተቀብላኝ ጋረደች።
ሳንቲሟ ጠፋች።

ለሻጩ ጻፍኩ። ብሎክ አድርጎኝ ጠፋ።
ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ስድብ ስመርጥ፣ ስድብ ሳስፋፋ፣
«ሌባ! ቀለም ቀብቶ...» ስል፣
ቃሉ ዞሮ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እንደ ዓሣ አጥንት፣ አልመለስ አልወርድ ሲል።

አምና በሰኔ፣ ለእትዬ ትርንጎ የሠራሁት የግቢ በር፣
አንድ ነጥብ አምስት ብዬ ያስከፈልኳት፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነበር።
ሁለት እጅ አረንጓዴ ቀለም፣ ጦር የመሰለ ጌጥ ከላይ፣
በመዳፏ ዳብሳ «ተባረክ» ያለችኝ፣ ቀና ብላ ወደ ሰማይ።
ምን ታድርግ? ላሜራ ውፍረቱን አይናገር፤
እኔም አልተናገርኩ፤ ብሯን ቆጠርኩ እንጂ ከነዝርዝር።

እሁድ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ጥቁሩን መነፅር አድርጌ፤
ለፀሐይ አይደለም።
በሩ ከታች ጥጉ ዝጓል፤ ድመት የምታሾልክ ቀዳዳ አፍ ከፍቷል፤
በጣቴ አንጓ ብመታው፣ እንደ ቲማቲም ጣሳ ጮኋል።
ካሊፐሬ ኪሴ ውስጥ አለ። መለኪያ ግን ለምኔ?
«ማነው?» አለች ከውስጥ።
«እኔ ነኝ።»
«እኔ ማን?»
መነፅሩን አወለቅኩ። ፀሐዩ ሞላብኝ ዓይኔ።