ቆጣሪው

የብረቱ ድልድይ ጤዛ እንደለበሰ፣
ስምንት ሰው ቆጠረ አጎቴ ኦቢድዮ፣
እንደ ብር ቆጣሪ ጣቱን እያራሰ።

ሁለት ጀርመኖች፣ ባልና ሚስት፣ ጫማቸው አዲስ፤
አንዲት የካናዳ ነርስ፤
ከሳን ፔድሮ የመጡ ሦስት እህትማማቾች፣
ሽቷቸው ለትንኝ የሠርግ ጥሪ የሆነ፤
አንድ ጡረተኛ፣ ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሮ ያሰረ፤
አንድ ድሮን ያዘለ ወጣት፣ ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረ።

እኔ ከኋላ ነኝ። በሥራችን ቋንቋ ስሜ «ጅራት» ነው፤
ገመዱም፣ ዳቦውም፣ ፋሻውም ከኔ ጀርባ ነው።

«ስሙኝ» አለ አጎቴ፣ ገጀራውን ታጥቆ፤
«ግንድ አትደገፉ፣ ጉንዳን አለ አድብቶ፣ የሰው እጅ ጠብቆ።
የረገጥሁትን ርገጡ። እታች ስንደርስ ዋኙ፣ ሳቁ።
እኔ ሳፏጭ ግን
ጫማ የለ፣ ስልክ የለ፤ ሽቅብ ብቻ ውጡ።
ለምን እንደሆነ
ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ትጠይቃላችሁ።»

ወረድን። በሥሩ፣ በሐረጉ፣ በጭቃው ወረድን፤
ፀሐይ በጠብታ የምትሰፈርበት ጫካ ዋጠን።
ጦጣ ከማዶ ጮኸ፣ ዘይት እንደጠማው በር።

የመጀመሪያዋ ፏፏቴ ትንሽ ናት፣ ዓይን አፋር፤
ከቋጥኝ ጀርባ ሆና ታጮልቃለች።
«ይኸው ነው?» አለ ጀርመኑ።
አጎቴ ሳቀ፤ «ይቺማ ሰላምታ ናት።»

ሁለተኛው ግን...
አልናገርም። ቃል ይዤ ወርጄ አውቃለሁ፣
እርጥብ ወረቀት ይዤ ተመልሻለሁ።
ይልቅ ሰዎቹን ልንገርህ፦ እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ጮኹ፤
ጡረተኛው የጉልበቱን ጨርቅ ፈትቶ፣ አጣጥፎ፣
ትምህርት ቤት እንደዘለለ ልጅ ተወረወረ።

ነርሷ ብቻ ልብ አለች።
«ጀርባህን ሰጥተኸው ትቀመጣለህ፤ ሰለቸህ እንዴ?»
«እሜቴ፣ ዓይን ይወዳል፤
የሚወድ ደግሞ ዘብ አይሆንም።
እኔ ይሄን ውሃ የማየው በጆሮዬ ነው።»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።
ዝናቡ የወረደው ከተራራው ወዲያ፣ እኛ ከማናየው ሰፈር ነው።
ድምፁ አንዲት ጠጠር ያህል ወፈረ፤
እኔ አልሰማሁም።
አጎቴ አፏጨ።

ወጡ፤ በባዶ እግር፣ ውሃ በሚያንጠባጥብ ፀጉር፣
ጡረተኛው በእጅ በእግሩ እየዳኸ፣ ከሁሉ ቀድሞ።
አጎቴ ጣቱን አራሰ። ቆጠረ።
ሰባት።
ደገመ።
ሰባት።

አንድ ጊዜ፣ እኔ አምስት ዓመቴ ሳለ፣
በጥድፊያ ቆጥሮ፣ ሞልቷል ብሎ፣ መንገድ ጀምሮ ነበር።
ያን ቀን ጅራቱ አባቴ ነበር።
ስለዚህ ነገር በቤታችን ወሬ የለም፤
ቆጠራ ነው ያለው።

ልጁ ከታች፣ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ድሮኑን በዱላ ይጎትታል።
አጎቴ ወረደ፤ እኔ ገመዱን በወገቤ ዞርኩት።
በኮሌታው ጎትቶ አመጣው፣ እንደ ድመት ግልገል፤
ልጁ ይራገማል።
እርግማኑን ሳይጨርስ ውሃው መጣ፣
ሻይ የመሰለ፣ መካከሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ያለበት።
ሰባት ጥንድ ጫማ ወሰደ። ድሮኑንም መረቀበት።

መመለሱ ረጅም ነበር፣ እግር ሁሉ ልጅ ሆኖ፤
ጀርመናዊቷ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ባሏ ካልሲዋን ይዞ።
ድልድዩ ላይ ቆጠረን። ስምንት።
«አሥር ነን» አለች ነርሷ፤ «ራስህን ረሳህ፣ ይሄን ልጅም።»
«ቆጣሪ አይቆጠርም» አላት።

ቤታችን ከወንዙ ዳር ነው።
አክስቴ ቶማሳ ከቀትር ጀምሮ ድምፁን ስትሰማ ውላለች፤
በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እጇ ላይ ግማሹ የተላጠ ሙዝ።
አላቀፈችንም። ምን ሆናችሁ አላለችም።
በጣቷ የባሏን ደረት ነካች፦ «አንድ።»
ወደ እኔ ዞረች፦ «ሁለት።»
በሩን ዘጋችው።