ትርፍ

ሦስት ጎማ ነው እንጀራዬ፤ ከቆጪ እስከ ሂርማታ፣
በጅማ ዝናብ ታጥቤ ስመላለስ እስከ ማታ።
ትርፍ መጫን ልማዴ ነው፤ ሦስት ሲባል አምስት ሰው፤
ትራፊኩ «ትርፍ!» ብሎ ቢጽፍ፣ ትርፍ ለኔ ትርፍ ነው።

አንሷር በሰባት ወሩ ነው ቸኩሎ የመጣው ወደኛ፣
የኛን እንቅልፍ ቀምቶ መዳፌ ላይ የሚተኛ።
ያኔ ነው እናቱ ነዒማ እጇን ወደ ላይ የዘረጋችው፣
«ብቻ ይትረፍልኝ» ያለችው።

ተረፈ።
ተርፎም ወፈረ።

ቢያለቅስ ብስኩት ገዛሁ፣ ዝም ቢልም ለስላሳ፣
ርቦት እኮ አይደለም፤ እንዳይከሳ፣ እንዳይከሳ።
«ማሻአላህ! ሞላ ልጁ» ሲሉን በመስጊዱ ደጅ፣
እኔ ነበርኩ የምወፍረው፤ እሱማ ለስሙ ነው እንጅ።
ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል፤
ግን «የባለባጃጅ ልጅ በእግሩ?» ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?

ሰባት ዓመቱን በያዘ ክረምት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ፉጨት ሰማሁ።
ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ጓሮውን ዞርኩ በባትሪ መብራት።
ሌባው ግን ከቤት ነበር፤ ከልጄ ደረት ያፏጫል፣
አየሩን በቀጭን ቀዳዳ እየሰረቀ ያመልጣል።

በዚያ ዝናብ፣ ያለ ትርፍ፣ አንድ ልጅ ብቻ ጭኜ፣
ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ደረስኩ ከባጃጄ ቀድሜ።

ሲስተር በዳቱ በጭንብል ጉም የመሰለ መድኃኒት ሰጠችው፤
ፉጨቱ ሲያርፍለት፣ ሚዛኑ ላይ አወጣችው።
ቁጥሩን አየች። እኔን አየች።
«ሞተርህ ዳገት ላይ፣ ትርፍ ሲጫን ምን ይሆናል?»
«ያጓራል እንጂ! ይሞቃል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይቆማል።»
«ደረትም እንዲሁ ነው። ስቡ ከላይ ይጫነዋል፣
ከውስጥም የትንፋሹን ቧንቧ እያስቆጣ ያሳብጠዋል።
ሲታፈን ሩጫ ይፈራል፤ ሳይሮጥ ደግሞ ይከብዳል፤
ከብዶም መልሶ ይታፈናል።
አስም ሁሉ ከክብደት አይደለም፤ ቀጫጭኑንም ያፍናቸዋል፤
ያለጊዜው መወለዱም አለበት። ግን ትርፉ ሲቀንስለት፣
ሌሊቱም ይቀለዋል።»

ትርፍ?
ስንት የቅጣት ወረቀት ቀድጃለሁ በመንገድ!
ይሄኛውን የት ልቅደድ?

ነዒማ አግዳሚው ወንበር ላይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣
«ይትረፍልኝ ነው ያልኩት፤ ይትረፍረፍ መች አልኩኝ?» አለች።

አሁን ባጃጁ ይቆማል፣ ጠዋት ጠዋት፣ ግማሽ ሰዓት።
ደንበኛ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።
ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ የመብራት ምሰሶ እንቆጥራለን፣
ስም አውጥቶላቸዋል፦ ጎባጣው፣ ባለ ማስታወቂያው፣ ቁራው የሚያርፍበት፤
በስማቸው እንጠራቸዋለን።
አምስተኛው ላይ ይቆማል፤ ሰማያዊዋን ፓፍ ከኪሱ ያወጣል፣
ይንጣታል፣ ይስባል፣ እስከ አሥር በጣቱ ይቆጥራል።
ልጆች «ድቡልቡሉ!» ብለው ሲያልፉ፣ ደሜ ፈልቶ ልሳደብ ስል፣
«ተው አባዬ፣ ትንፋሽህን አታባክን» ይለኛል።

ትናንት ባለ ማስታወቂያው ላይ ነበር ያረፈው።
ዛሬ ሲያልፈው፣
አይቼ እንዳላየሁ ጫማዬን አሰርኩ።
ቀጥሎ ዝናቡ ጀመረ። «ባጃጅ!» አለኝ አንድ የሚያውቀኝ ከማዶ፣
ባጃጅ የት አለና!
አንሷር እያለከለከ፣ «ትርፍ አንጭንም!» ብሎ መለሰለት በኔ ፈንታ።

ማታ፣ ራት ላይ፣ ሦስተኛ ጭልፋ ልጨምርለት እጄ ሄዶ ተመለሰ፤
የልማድ እጅ አይታመንም።
ሌሊትም ጆሮዬ አይተኛም፤
ጨለማው ውስጥ ትንፋሹን እንደ ምሰሶ እቆጥራለሁ፣
አንዳንዴ ቀጭን ፉጨት አለ፣
አንዳንዴ ዝናቡ ነው።