ይቅናህ

ሂርማታ ላይ ነው የወደቅኩት፣ ካንድ ባለሱቅ ጣሪያ፣
ቆርቆሮው ዝናብ እንደጠጣ፣ ሚስማር በከንፈሬ እንዳለ፤
መዶሻዬ ቀድሞኝ ወረደ፤ እሱስ ምኑም አልጎደለ።

አሁን ጀርባዬ ውስጥ ብረት አለ፤ ሁለት ዘንግ፣ ስድስት ብሎን፤
«በልኩ ጠብቋል?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አናጺ ነኝ፣ ምን ልሁን።

ነጂባ ጠዋት ትመጣለች፣ ካልሲና ረጅም ዱላ ይዛ፤
«አትጎንበስ። አትጠማዘዝ። ተንከባለል እንደ ዋንዛ፣
እንደ ተቆረጠ ግንድ፣ ሳትሰበር መሀል ላይ፤
ክርንህን ተደገፍ፣ እግርህን ጣል፣ ቀና በል፣ ወደ እኔ እይ።»

ባንድ ቀን የቤት ማገር መትቼ የማልደክም ሰውዬ
ለአንዲት ካልሲ ግማሽ ሰዓት አላበኝ፣ «ወገቤን!» ብዬ።
አውራ ጣቴ ገባች።
ተረከዜ እምቢ።

በሦስተኛው ሳምንት፦ «ቤትህ በምን ትቀመጣለህ?»
«በራሴ በርጩማ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።
ጣሃ በባጃጅ አመጣው። በስንዝሯ ለካችና
«ዝቅ ይላል» አለች፤ «ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ ይወጣል።»
ሃያ ዓመት ጠርቤ ሸጥኩ፤ ስንት ወገብ፣ ስንት ሰው፤
መቀመጡን እንጂ መነሳቱን ማን አሰበው?

ብርጭቆ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ጠረጴዛው በደረቴ ልክ፤
አዲስ እግር አለሰልሳለሁ፣ በርጩማውን አራት ጣት የሚያስረዝም፤
አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ዕረፍት።
ውጭ ዝናቡ አዌቱን ያሳብጣል።

ድሮ መንገደኛ ከታች ሲያልፍ «ይቅናህ» ይለኝ ነበር፤
ሚስማር ነክሼ «አሜን» እላለሁ፣ ዓይኔን ሳላነሳ ከማገር።
ዛሬ ነጂባ ከበሩ ዞራ ያችኑ ቃል ጣለችልኝ።
አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣
አጥንት በአጥንት ቀና አልኩ።

ተረከዜ ግን ገና ነው።