ጥር አሥራ ሦስት

ታቦታቱ ገብተዋል፤ ሚካኤልም ትናንት ገባ።
የከተማው ጉሮሮ በእልልታ ብዛት ደረቀ፣
ከበሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ወረቡ አለቀ፤
ዛሬ ከስድስታችን አምስታችን፣ ቦት ጫማ አጥልቀን፣
የጥምቀተ ባሕሩን ውሃ ወደ ቀሃ ለቅቀን፣
በአካፋ ጭቃ እንዝቃለን።

አቤት ከዚህ የሚወጣው!
የሃይላንድ ክዳን፣ የልጅ ካልሲ፣ ውሃ የጠጣ ስልክ፣
ጓደኛውን ያጣ ሸበጥ፣ በላስቲክ የታሸገ የመልአክ መልክ።
"አሮጌውን ሰው እንጣል" ብለው ከግንቡ የዘለሉ፣
እኔ ከጭቃው እንዳየሁት፣ ጫማቸውን ብቻ ጣሉ።
ልሳቅባቸው ወይ? እኔም አብሬ ዘልያለሁ፤
የግራ ሸበጤን እስካሁን እፈልጋለሁ።

የዋርካው ሥር ግንቡን ከጨመደደበት ጥግ
በጣቶቼ መሃል አንድ ነገር ብልጭ አለ፤
ቀለበት። ወርቅ። ከውስጡ የሠርግ ቀን ተቀርጾ አለ።
ኪሴ ቅርብ ነው። የሚያይ ሰው የለም።
የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ወር አልፎታል።
እጄ ጥቂት ዘገየ።
ቢሆንም መለስኩት።

የቀለበቷ ባለቤት ከአዘዞ በባጃጅ እየበረረች መጣች፣
ጭቃ የጠገበ ቦቴን አቅፋ እግሬ ላይ ወደቀች፤
"አንተስ የእግዜር ሰው ነህ!" አለች።
አለቃችን ጋሽ ፈንታሁን እጄን ጨበጡኝ፤ ፎቶ አነሡኝ።
እኔም አመንኳቸው።

በዚያው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የአበል ወረቀት ዞረ፤
ያልመጣው የአዛናው ስም ከእኔ ቀጥሎ ነበረ፤
እንደ ወትሮው ፈረምኩለት።
እሱም ለእኔ ይፈርማል። ስርቆት አንለውም፤
መተሳሰብ እንለዋለን።

ፒያሳ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ይርዳው ነው፣
የሲሚንቶ ዕዳ ያለብኝ ባለሱቅ።
"ባሕር ዳር ነኝ" አልኩት፣ "ቅዳሜ ስመለስ…"
ከጀርባዬ የታክሲ ረዳት ጉሮሮውን ከፍቶ፦
"አዘዞ! አዘዞ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!"

ማታ ወሬውን ከነፎቶው ለዝማም ዘረገፍኩላት።
ምስር ትለቅማለች። "እሰይ" አለች፣ አንገቷን ሳታቀና፤
"ደግ አደረግህ" አለች፣ ጥቂት ቆየችና፦
"አዛናውን ወፍጮ ቤት አየሁት፣ ተራ ይዞ ቆሞ።
እኔ ደግሞ ዛሬ ሥራ የላችሁም ብዬ።"

ጭጭ አልኩ።
አንዲት ጠጠር በጣቷ ይዛ ወደ አምፖሉ አነሣቻት፣
አገላብጣ አየቻት፣
ከሰፌዱ ውጭ ጣለቻት።
ሌላ ቃል አልወጣትም።
እኔን ግን ጥርሴን አመመኝ።

ሌሊት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ፦
ጌታ ሆይ፣ ስለ ጥር አሥራ አንድ አልለምንህም፤
ያን ቀን ሕዝቡ ይሸከመኛል፣ ብፈልግም አልወድቅም።
ጥር አሥራ ሦስት ላይ ያዘኝ፤
ውሃው ጎድሎ፣ ዘማሪው ድምፁ ተዘግቶ፣
እስክሪብቶ በእጄ ሳለ፣
ስልኬ ሲጮህ።

በሳምንቱ አዛናው ቀረ። መስመሩን ባዶ ተውኩት።
እስከ ሰኞ ሰላምታ ነሣኝ።
እኔም ልጄን ሐኪም ቤት ይዤ በቀረሁበት ቀን
መስመሬ ባዶ ዋለ፤ አበሌ ጎደለ፤
ዝማም ዘይቱን በጠርሙስ ሳይሆን በብርጭቆ ገዛች።
ለዚህ ፎቶ የሚያነሣ የለም።
እውነቱን ልናገር? ቀለበቱ ይቀልል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ እዚያው ፒያሳ ቆሜ፣
ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ፣
ለይርዳው ደወልኩ።
"ጎንደር ነኝ" አልኩት።
"ያን ዕለትም ጎንደር ነበርኩ።"
ሳቀ።
"አውቃለሁ" አለ፤
"አንድ ሰው ጎደለ እያለ ረዳቱ ሲጣራ ሰምቻለሁ።"