የአራተኛው ዓመት ቆጠራ

ከእንጨት ያበጀሁት አራት ማዕዘን፣
ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ገና ሳይነጋ ቀን፣
በላ ፓምፓ ሜዳ፣ ከካልዴን ዛፍ ሥር፣
ዛሬም መጥቻለሁ አልፋልፋ ልቆጥር።
ዶን ኤውሴቢዮ ከበሩ ቆሟል፤
ባርኔጣውን ደፍቶ ዝም ብሎ ያየኛል።

ከአራት ዓመት በፊት ዘራን ሦስት ዓይነት ዘር፤
ስም ገና የላቸው፣ የሚጠሩት በቁጥር።
አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ቀጥ ያለው መለሎ፣
በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ኋላ ጥሎ፣
ሚዛን ሲያንገዳግድ፣ ድርቆሹ ሲከመር፣
ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን ሲለምን ነበር።
አራት ቁጥር ግን አጭር፣ መሬት ለመሬት፣
አናቱን ቀብሮ የሚያድር እንደ ፈሪ ዓይነት፤
ሽማግሌው አይቶ፣ «ይሄማ ለጥንቸል!» ብሎ የሳቀበት።

ከዚያ ላሞች ገቡ።

ላም ማጭድ አይደለች፣ ለክታ አትቆርጥም፤
ምላሷ ያገኘው ቡቃያ አያመልጥም።
በዝናብ ማግሥት ስትቆም፣ ሰኮናዋ ሰምጦ፣
የግንዱን አናት ይተዋል ለሁለት ፈልጦ።
ሰባት ቀን ተግጦ፣ አምስት ሳምንት ያርፋል፤
ይህ ነው ስምምነቱ፤ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።
በድርቁ ዓመት ግን ራሚሮ፣ ልጁ፣
በሩን ከፍቶ ተወው። ላሞቹም ፈጁ።
አልፈረድኩበትም። አጥንታቸው ወጥቶ
ሌሊቱን እምቧ ሲሉ ማን ይዘጋል ከቶ?

ዛሬ እንግዲህ ቆጠራ። ከአሸዋው ኮረብታ
ጀመርኩ፤ አራት ማዕዘኑን ጥዬ በዝግታ።
አሥራ ሰባት ቁጥር፦ ስምንት። ዘጠኝ። ስምንት።
ሞቷል ብዬ ነበር፤
ሥሩ እታች ወርዶ ውሃ ጋ ደርሶበት!
ወደ ቶስካው ወረድኩ፤ ያ ነጭ ድንጋይ ንጣፍ፣
ሁለት ስንዝር ላይ ቆሞ ሥር የማያሳልፍ።
አሥራ ሰባት፦ ዜሮ። እንደገና፦ ዜሮ።
የደረቀ ግንዱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ።
አራት ቁጥር ደግሞ፣ ያ የጥንቸል ምሳ፣
አሥራ አንድ ሆኖ ቆየኝ፣ አንገቱን ሳያነሳ።
ተንበርክኬ ዳግም በጣቴ ቆጠርኩት።
ሦስተኛውንማ፣ ሃያ ሁለትን፣ አጣሁት፤
ከጨዋማው ረግረግ ካስማውን ብቻ አገኘሁት።

ግን እውነቱን ልጻፍ፦ አራት ቁጥር ቢቆይም፣
አሸዋው ላይ ሲመዘን የዚያን ግማሽ አይሆንም።

ፀሐይ ስትከር ሽማግሌው ቀረበ፤
ጣቱን እያራሰ ደብተሬን አነበበ።
«እንግዲህ ንገሪኝ፣ በመጋቢት ልዘራ፣
የትኛውን ልግዛ? አሳጥሪው፣ አደራ!»

«የትኛው ማሳ ላይ?» አልኩት።

ዝም አለ።
ወደ አሸዋው አየ፣ ወደ ቶስካው አየ፣
ከዚያ ወደ በሩ፤ እዚያ ላይ ቆየ።
ሰንሰለቱ ላልቶ በነፋስ ይንኳኳል።
«ቁልፍ ስንት ነው?» አለኝ።
«ከዘር ይረክሳል።»