ያልተወራረደ ሒሳብ

አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከጥቅምት ጀምሮ ቆሟል፣
ትንፋሼን ደረጃው ላይ ጥዬ ደረስኩ።
ወይዘሮ እታፈራሁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው
«የአልጀርሱ አንተ ነህ?» አሉኝ፤
አዎ አልኩ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከተማ ስሜን ወሰደው።

በመስኮቱ ቸርችል ቁልቁል ይወርዳል፣
ከታች ለገሃር፣ ከለገሃር ወዲያ ጭጋግ።
ጠረጴዛው ላይ ማኅተም፣ ስፒል፣ ካልኩሌተር፣
የኔ ቅጽም አለ፦
«የሄዱበት ሥራ»፣ «ያደሩበት ሌሊት»፣ «የወጣ ገንዘብ»።

የሄድኩበት ሥራ፦ አሮጌ የማተሚያ ማሽን ማየት፣
ቢገዛ ያዋጣ እንደሁ መመርመር።
አያዋጣም። ሮለሩ ተበልቷል፣ ጥርሱ ረግፏል።
ይኸን በሁለት ገጽ ጽፌ አስገብቻለሁ፤
ሌላውን የት እንደምጽፈው ነው ያላወቅሁት።

ያደርኩበት ሌሊት፦ አምስት።
በመጀመሪያው አልተኛሁም እንጂ፣
መስኮት ከፍቼ የማላውቀው ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ፤
ዝናብ መሰለኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ደረቅ፤
መኪና መሰለኝ፣ መንገዱ ባዶ።
ጎህ ሲቀድ ነው ያየሁት፣
ሰማይ ወርዶ ከቤቶቹ ሥር የተነጠፈ መስሎ፣
ሲላወስ፤ ማንም ሳይደነግጥበት።

ከተማው ነጭ ነው፤ የበዓል ልብስ ነጭ ግን አይደለም፣
ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ አንሶላ ነው።
ዳገቱ የራስ መኮንን ድልድይን ዳገት ያስንቃል፤
መንገድ ይጀምርና ደረጃ ሆኖ ያልቃል፣
ደረጃ ይጀምርና የሰው ደጃፍ ሆኖ ያልቃል።
ጎረምሶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ፣
የድሮውን የዶሮ ማነቂያን ልጆች ያየሁ መሰለኝ፦
ያው ዝምታ፣ ያው አንድ ሲጋራ ለሦስት።

በሁለተኛው ቀን ማታ መንገድ ጠፋኝ።
ፈረንሳይኛ የለኝም፤ አረብኛዬ ከመርካቶ ሱቅ አያልፍም፤
ስልኬ ሞቷል።
አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ይዘው ደረጃውን ሲወጡ
አፌ ላይ የመጣውን ጣልኩ፦ «ቤት... ባሕር...»
«በይት? በሕር?» አሉ ሳቅ ብለው፣
ጣታቸውንም ቁልቁል ቀሰሩልኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ቃሉ አንድ ነው።
እነሱ ባሕሩም ቃሉም አላቸው፤
እኛ ቃሉን ብቻ በአፋችን ይዘን
ይኸው ተራራ ላይ ተቀምጠናል፣
ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ማሽላ፣ ባሕረ ሐሳብ እያልን።

«ታክሲ፣ ሁለት ጊዜ» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፤ «ደረሰኙስ?»
የለም። ሹፌሩ በልቃሲም ይባላል፣
በመስታወት አይቶ «ሱዳን? ማሊ?» ሲለኝ
«ሐበሻ» አልኩት፤
መኪናውን ዳር አቁሞ ትኩስ ዳቦ ገዛ፣ ገመሰልኝ።
አንዱን ጉዞ ከፍያለሁ፣ ወረቀት አልሰጠኝም፤
ሁለተኛውን አልቀበልም አለኝ፣
ለእምቢታ ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥም።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ አቆመኝ፣ ሌሎች ሦስት ልጆችም አሉ፣
ከማሊ ይሁኑ ከኒጀር፣ የመንገዱን ርዝመት ጫማቸው ይናገራል።
እኔን የደብዳቤው ክብ ማኅተም አስለቀቀኝ፣
ይኸ አሁን እርስዎ እጅ ላይ ያለው።
እነሱን ወደ መኪናው ሲያስገቧቸው
አንዱ ዞሮ አየኝ።
እሱንስ የትኛው ሣጥን ውስጥ ልሙላው?

ወይዘሮ እታፈራሁ ብዕራቸውን አስቀመጡ።
በመስኮቱ ለገሃርን እያዩ፣
«አባቴ ባቡር ላይ ነበሩ፤
ከጅቡቲ አንዴ በጠርሙስ ባሕር አመጡልን።
ሁላችን በየተራ በጣት ቀመስን።
የተረፈውን እናቴ ወጥ ላይ ጨመረችው፣ ጨው ከሚገዛ ብላ።»
ሳቁ፤ ሳቁንም እንደ መሳቢያ መልሰው ዘጉት፣
«ታክሲው ይቀነሳል» አሉና ማኅተሙን መቱ።

ቁልቁል ወረድኩ፤ ፖስታ ቤቱን አለፍኩ፣
ሊስትሮው ጫማዬን አይቶ ጠራኝ፣ አልቆምኩም።
ከታች ጭጋጉ ገለጥ ብሏል፤
ሕንፃና ክሬን ነው፣ አውቃለሁ።
ግን ከተመለስኩ ወዲህ
ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል።