የእብሬ ሰዓት

ነሐሴ ነው፤ ደሴ ጭጋጓን ደርባ፣
ጦሳ ከነአንገቱ ደመና ውስጥ ገባ።
ከቢሮዬ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት፣
ላፕቶፗን በሻርፕ ከካፊያ ሸፍናት።
ጦይባ እብሬ ትባላለች፤ ከሐይቅ ነው የመጣች፤
"ዋይፋዩ እኔን ብቻ ለይቶ ጠላኝ" አለች።
"የዶርሜ ልጆች ፊልም ያወርዳሉ፤
የእኔ አንድ ገጽ አያልፍም፤ የመመረቂያውን ጽሑፍ ዛሬ አስገቡ እያሉ።"

እኔ እንደ ወጌሻ ነኝ፤ ቶሎ አልጎትትም፤
መጀመሪያ መዳበስ፣ የት ጋ እንደሚያም።
አጥፍቼ አበራሁት። ኔትወርኩን "እርሳ" አልኩት፤
ረሳ። እንደ አዲስ አስተዋወቅሁት።
የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ፊቴን አዞርኩላት፤
ከዚያ ትንሿን ክብ ቁጭ ብለን አየናት፦
ዞረች፣ ዞረች፣
እንደ ሰኞ ገበያ ገዢ አንዴ ቀርባ አንዴ ራቀች፣
መጨረሻ ላይ "መገናኘት አልተቻለም" አለች።

አንቴናው ነው ብዬ መሰላል ወጣሁ፤
አንቴናው ደህና ነው፤ እኔ ግን በሰበስኩ፣ ወረድኩ፣ ተቆጣሁ።
ድራይቨሩን ቀየርኩ። የአውሮፕላኗን ምልክት ነካሁ፣ መለስኩ።
አለቃዬ ይማም በበሩ ሲያልፍ፣
"ፎርማት አድርገው" አለ ሳይቆም።
እሱ ለሁሉም ነገር የሚያዘው ይህንኑ ነው፤
ጥርሱን ያመመውም ቢመጣ ያው ነው።

ልተወው ስል ዓይኔ ከታች፣ ከጥጉ ላይ ዋለ፤
ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል።
የእጄን አየሁ፤ አራት ከሃያ። ትክክል።
ላልፍ ብዬ ቆምኩ። እንዴት ትክክል?
ማሽን በእኛ ሰዓት መቼ ይናገራል?

ቀኑን ከፈትኩት፦
"ዲሴምበር ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።"
ነሐሴ ስድስት! አሥራ ሁለተኛው ወር፣
የኛው ቀን፣ የኛው ዓመት፣ የፈረንጅ ካፖርት ለብሶ ሲዞር።
"ማነው ያስተካከለው?"
"አባቴ ነው" አለች።
"ሐይቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሰዓት ይሠራል።
ላፕቶፑን የገዛልኝ ዕለት፣
'የተሳሳተ ሰዓት ከቤቴ አይወጣም' ብሎ
ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አስተካከለለት።"

እንዴት ብዬ ልንገራት?
ኔትወርኩ በሩ ላይ መታወቂያ ያሳያል፤
መታወቂያው ላይ የተሰጠበት ቀን አለ፤
ያንቺ ማሽን ግን ስምንት ዓመት ወደኋላ ቆሞ ሲያየው፣
"ይህ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው" ብሎ በሩን ዘጋው።
የዋሸ የለም እዚህ።
አባትሽም ልክ ናቸው። አንቴናውም ልክ ነው።

ዝም አለች። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።
"ሳልነግረው አልቀይረውም" ብላ ደወለች።
ስልኩ ውስጥ ሰውዬው ሳቀ፣ ሳለ፣
"ስንት ደቂቃ ነው የዘገየው?" አለ።
"ስምንት ዓመት።"
ጸጥታ። የአውቶብስ ጡሩምባ። ረዳት ሲጣራ፦ መርሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ!
"ሠላሳ ዓመት ሰዓት ስፈታ
እንዲህ የዘገየ አልገጠመኝም" አለ፤ ቀጥሎም ለእኔ፦
"እሺ ቀይረው ልጄ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤
ጳጉሜ ስትመጣ የት ሊያስቀምጣት ነበር?"

መልስ አልነበረኝም።
ሰዓቱን ቀየርኩ፤ ዓመቱንም ስምንት ዓመት ገፋሁት፤
ትንሿ ክብ አንዴ ዞረች፣ ገባች።
ጽሑፏ ሄደ። ጦይባም ሻርፗን ደርባ ወጣች።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ካፌው ውስጥ አየኋት፣
ላፕቶፗን ከፍታ፣ ሻይዋ ቀዝቅዞባት።
ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋለች፤
በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ የተሰረዘ፣ ደግሞ የተጻፈ፦
ነሐሴ 29፣ ነሐሴ 30፣
ጳጉሜ 1፣ ጳጉሜ 2፣
ከሥሩም ቀለሙ ያልደረቀ 3።